«1939» የሚለው የ1957 ኒሻን ሐሰተኛ ነውን?

በዓለም የኒሻንና የሜዳይ ገበያ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። በጀርመን አገር የተሠራ፣ ፊቱ ላይ «1939» የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ ነገር ግን ከጦርነቱ ማብቂያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ከፋብሪካ የወጣ የብረት መስቀል ምን ይባላል? አንዳንዱ ነጋዴ «ኮፒ ነው» ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሌላው ደግሞ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ዋጋውን ይቆልለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ዕቃው ኮፒ አይደለም፤ የጦርነት ዘመን ዕቃም አይደለም። በራሱ ሕግ፣ በራሱ ዘመንና በራሱ ምክንያት የተሠራ ሦስተኛ ዓይነት ሸቀጥ ነው። ይህን ያልለየ ገዢ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ መግዛት የሚገባውን ንቆ ያልፋል፣ ማለፍ የሚገባውን ደግሞ በውድ ይገዛል።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቀድሞ ነጋዴዎች ቡናና ቆዳ ሲሸጡበት፣ በቅሎና ጨርቅ ሲገዙበት የኖሩት ጠገራ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 ነው። ይህም ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ነው። ይሁንና ብሩ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ ከ150 ዓመት በላይ በዚያው መልክ፣ በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲታተም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር በተነሣበት ዓመት ማተሚያ ቅርጹ ወደ ሮም ሄዶ ብሩ በዚያ መታተም ጀመረ፤ ለንደንና ፓሪስም የየራሳቸውን አተሙ። ገበያተኛው ግን «ዓመቱ ውሸት ነው» ብሎ አልመለሰውም። መዘነው፣ ድምፁን አዳመጠ፣ ተቀበለው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ጥራቱ ከሺህ 833 እጅ ብር እስከሆነ ድረስ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢው የቪየናውን ከሮማው፣ የሮማውን ከለንደኑ በጥቃቅን ምልክት እየለየ የተለያየ ዋጋ ይከፍላል። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዓመትና ዕቃው የተሠራበት ዓመት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጠገራ ብር ካስተማረ ቆይቷል። የጀርመኑ የ1957 ኒሻንም የሚጠይቀው ይህንኑ ዓይን ነው።

ሕጉ ለምን ወጣ?

እ.ኤ.አ. በ1945 ጀርመን ድል ስትሆን አገሪቱን የተቆጣጠሩት ኃያላን መንግሥታት የጦር ኒሻንና ሜዳይ መልበስን ከለከሉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ወታደር በደረቱ አድርጎት የነበረው ሽልማት በአንድ ጊዜ ወይ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ ወይ ሣጥን ውስጥ ገባ፣ ወይም በአሜሪካና በእንግሊዝ ወታደር ኪስ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ በአሜሪካ ገበያ የሚታየው ትልቁ ክምችት የዚያ ጊዜ ምርኮ ነው።

አሥር ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1955 ምዕራብ ጀርመን አዲስ ጦር ስታቋቁም ግን ችግር ተፈጠረ። የአዲሱ ጦር አብዛኞቹ መኰንኖች የአሮጌው ጦር ሰዎች ነበሩ። ደረታቸው ባዶ ነበር፤ የነበራቸው ሽልማት ሁሉ የናዚው ስዋስቲካ የተቀረጸበት ነውና ሊለበስ አይችልም። ሁሉንም መሻር «በጦር ሜዳ የቆሰለው ሁሉ ምንም አልነበረም» እንደማለት ይቆጠር ነበር፤ እንዳለ መፍቀድ ደግሞ የወደቀውን ሥርዓት ምልክት በአዲሱ ጦር ደረት ላይ መልሶ መስቀል ነው።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1957 በወጣው የማዕረግ፣ የኒሻንና የክብር ምልክቶች ሕግ ተሰጠ። በጦር ሜዳ የተገኘ ሽልማት ይለበስ፤ ነገር ግን የናዚው ምልክት ይነሣ ተባለ። የፓርቲው ሽልማቶች፣ እንዲሁም ኦስትሪያንና የሱዴተንን ምድር ለያዙበት ዘመቻ የተሰጡት ሜዳዮች ከናካቴው ሳይፈቀዱ ቀሩ። ሕጉ የምዕራብ ጀርመን ብቻ ነበርና በምሥራቅ ጀርመን ይኖር የነበረው የቀድሞ ወታደር በዚህ አልተጠቀመም። ይህም ለገበያው የራሱ ትርጉም አለው፤ ከሁለቱ ጀርመኖች ይህን ኒሻን የሠራችውና የለበሰችው አንዷ ብቻ ነች።

በዚህ መሠረት በብረት መስቀሉ መሐል ይታይ የነበረው ስዋስቲካ ተነሥቶ በቦታው ሦስት የዋርካ መሰል ዛፍ ቅጠሎች ገቡ። ቅጠሎቹ አዲስ ፈጠራ አልነበሩም። የብረት መስቀል ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሩሲያው ንጉሥ በፍሬድሪክ ዊልሄልም 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1813 ሲመሠረት በላዩ የነበሩ ናቸው። «1939» የሚለው ዓመት ግን ሽልማቱ በዚያ ጦርነት መገኘቱን ለማመልከት ባለበት ቆየ። የጀርመን መስቀል በሚባለው ኮከብ ላይ ደግሞ የስዋስቲካው ቦታ ለብረት መስቀል ምስል ተለቀቀ። በቁስለኛ ባጅ ላይ የራስ ቁሩ ብቻ ቀረ። ሌሎቹም እንደዚሁ አንድ በአንድ ተስተካከሉ።

እንግዲህ የ1957ቱን ኒሻን ሐሰተኛ የሚል ሰው ማን ማንን አታለለ ብሎ ሊያስብ ይገባል። መንግሥት ፈቀደ፣ ፋብሪካ ሠራ፣ ባለመብቱ ገዝቶ ለበሰ። ማንም «ይህ በ1939 የተሠራ ነው» አላለም። እንዲያውም ከጦርነቱ ዘመን ዕቃ የሚለየው ምልክት ከመሐል ፊቱ ላይ በግልጽ ተቀምጧል። በጥንታዊ ዕቃ ገበያ ላይ ስለ ራሱ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሸቀጥ ብዙ አይገኝም።

ዋጋው የሚራራቀው የት ላይ ነው?

ተራውን ሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀል ብንወስድ በጦርነቱ ዘመን በሚሊዮኖች ስለተሰጠ ዛሬም በብዛት ይገኛል። ስለዚህ በጦርነቱ ዘመን በተሠራውና በ1957 ዓይነቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አጭበርባሪን ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንገት የሚንጠለጠለውን የፈረሰኛ መስቀል ያገኙት ሰዎች ቁጥር 7 ሺህ ከጥቂት መቶዎች ጋር ብቻ ነው። የጦርነቱ ዘመን የፈረሰኛ መስቀል በብዙ ሺህ ዶላር ሲሸጥ የ1957ቱ ግን የዚያ ጥቂት እጅ ነው የሚያወጣው።

አደጋው ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። መስቀሉ የሚሠራው ከሦስት ክፍል ነው፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ መሐለኛ ብረትና እሱን ከፊትና ከኋላ የሚያቅፉ ሁለት የብር ክፈፎች። ክፈፉ ተፈልቅቆ ሌላ መሐለኛ ብረት ሊገባበት ይችላል። ቅጠል ያለበት ወጥቶ ስዋስቲካ ያለበት ሲገባ፣ በመቶዎች የተገዛው ዕቃ በሺዎች ለመሸጥ ይቀርባል። በዚያን ጊዜ ሐቀኛው የ1957 ኒሻን ጠፍቶ ሐሰተኛ የ1939 ኒሻን ተወለደ ማለት ነው። ሐሰተኛው የ1957ቱ ዕቃ ሳይሆን የ1957ቱን ዕቃ የ1939 ያስመሰለው ሰው ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከፋብሪካ የተረፉ ክፍሎች እየተገጣጠሙ፣ አሮጌዎቹ ማተሚያ ቅርጾችም እንደገና ሥራ ላይ እየዋሉ፣ ስዋስቲካ ያለበት ኒሻን ለውጭ አገር ወታደርና ለሰብሳቢ ሲሸጥ ኖሯል። ይህ ዕቃ የሕግ ሽፋን የለውም፤ የለበሰው ባለመብት የለውም፤ የጦር ሜዳም አላየም። ይሁንና በሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ «የጦርነት ዘመን» ተብሎ የተቀመጠው ስንቱ እንደሆነ መቁጠር ያስቸግራል። ታዲያ ከጦርነቱ በኋላ ተሠርቶ እውነቱን የሚናገረው ኮፒ ሲባል፣ ከጦርነቱ በኋላ ተሠርቶ የሚዋሸው ኦሪጅናል መባሉ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ብረቱ ራሱ ይመስክር

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይባላል። በኒሻን ገበያ ውስጥ ይህ ተረት በሁለቱም በኩል ይሠራል። ያልገደለ ጎፈሬ እንደማያበጥር ሁሉ ያልዘመተ ኒሻን አይገባውም፤ ያላጣራም ገዢ ወሬ ነው የሚገዛው። «አያቴ ከግንባር ያመጡት ነው» የሚል ታሪክ ከዕቃው ጋር ተጠቅልሎ ሲቀርብ ታሪኩን ወደ ጎን አድርጎ ብረቱን መመልከት ይበጃል።

የመጀመሪያው ምስክር ማተሚያ ቅርጹ ነው። የብረት ቅርጽ ብዙ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ይላላል። ስንጥቁ በሚወጣው ኒሻን ላይ ሁሉ እንደ ጠባሳ ይታተማል። በ1889 በሉደንሻይድ ከተማ የተመሠረተው ሽታይንሃወር ኡንድ ሉክ የተባለው ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመንም፣ ከ1957 በኋላም የብረት መስቀል የሠራ ነው። የዛሬዋን ጀርመን የክብር መስቀልም ሠርቷል። የዚህ ፋብሪካ የ1957 ዕቃዎች ለሰብሳቢዎች ትልቅ መዝገብ ሆነው አገልግለዋል። በክፈፉ የነጠብጣብ ጌጥ ላይ የሚታይ ስንጥቅ በ1957 ዕቃ ላይ ከተገኘ፣ ያው ስንጥቅ ስዋስቲካ ባለው ፈረሰኛ መስቀል ላይ ሲታይ «ይህስ መቼ ተሠራ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው በሰብሳቢዎች መካከል ለዓመታት አከራክሯል፤ በብዙ ገንዘብ የተገዙ መስቀሎችንም ጥርጣሬ ላይ ጥሏል። እዚህ ላይ የተናቀው ርካሽ ዕቃ የውዱ ዳኛ ሆኖ መገኘቱን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ማግኔት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ማግኔት የሳበው ሁሉ የጦርነት ዘመን ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ከ1957ቱም፣ በተለይ ቀደም ብለው ከተሠሩት መካከል መሐላቸው ብረት የሆነ አሉ። ማግኔት ርካሹን ቅይጥ ለመጠርጠር ይረዳል እንጂ 1939ን ከ1957 አይለይም።

ሦስተኛው በጨለማ የሚበራው የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው ማንጫ የገባበት ክርና ሰው ሠራሽ ጨርቅ በዚህ መብራት ሥር ያበራል። ሪባኑ ካበራ አዲስ ነው። ነገር ግን ሪባን ይቀየራል፤ በአሮጌ መስቀል ላይ አዲስ ሪባን፣ በአዲስ መስቀል ላይም አሮጌ ሪባን ይታሰራል። ስለዚህ መብራቱ ስለ ጨርቁ ይናገራል፤ ስለ ብረቱ ዝም ይላል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ነው። ኒሻኑ ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ክፍል እንደተሰጠ የሚገልጸው ምስክር ወረቀትና የወታደሩ ደብተር አብረው ሲገኙ ዕቃው ባለቤት አገኘ ማለት ነው።

ለትርፍ ብሎ የሚገዛው ይጠንቀቅ

የ1957ን ኒሻን ከሐሜት ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። የማንኛውም ስብስብ ዋጋ የሚቆመው በእጥረት ነው። የዚህ ሸቀጥ ችግር ማምረቱ በአንድ ቀን ያልተዘጋ መሆኑ ነው። ከ1957 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ተሠርቷል። መጀመሪያ ገዢው ያገለገለው ወታደር ራሱ ነበር። በጦርነቱ የተሳተፈው የመጨረሻው ትውልድ ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የተወለደ ነውና ዛሬ በሕይወት ያለው ጥቂት ነው። ባለመብቱ እየቀነሰ ሲሄድ ገዢው ሰብሳቢው ሆነ። ለሰብሳቢ ሲባል የተሠራ ዕቃ ደግሞ ሰብሳቢ እስካለ ድረስ ይሠራል። አቅርቦቱ የፋብሪካ በር የሆነ ሸቀጥ ዋጋው ይንራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ በጅምላ ሃምሳ አዲስ የሚያብረቀርቅ ሁለተኛ ደረጃ መስቀል ገዝቶ «ይወደዳል» ብሎ የሚቆልፍ ሰው የተሻለው ሥራ ገንዘቡን ባንክ ማስገባት ነው። ልዩነት የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ቀደምትነት ነው። ሕጉ በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩት በጥራትም፣ በአሠራርም ከኋለኞቹ ይበልጣሉ፤ ቁጥራቸውም የተወሰነ ነው። ሁለተኛው የሽልማቱ ብርቅነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በሩሲያዋ ኾልም ከተማ ተከበው ለቆዩት የተሰጠውን የክንድ ጋሻ ያገኙት 5 ሺህ 500 ያህል ብቻ ናቸው። ከነዚያም መካከል ከጦርነቱ ተርፎ፣ በምዕራብ ጀርመን ኖሮ፣ በ1957 ሕግ መሠረት አዲሱን አሠርቶ የለበሰው ስንት ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሦስተኛው በእርግጥ የተለበሰ መሆኑ ነው። አንድ የአዲሱ ጦር መኰንን የአሮጌውን ጦርነት የብረት መስቀል በ1957 መልኩ፣ ከጎኑ የሪፐብሊኩን የክብር መስቀል አድርጎ በአንድ መደዳ ያሰፋው የደረት ሪባን ከነወረቀቱ ቢገኝ ይህን መሰሉን ፋብሪካ ሊደግመው አይችልም። የአንድ ሰው ሕይወት በሁለት መንግሥታት መካከል እንዴት እንዳለፈ በአንድ ጣት ርዝመት ያሳያልና።

ከዚህ ጋር የሚቆጠር ሌላም አለ። አንዳንዱ ወታደር አዲስ ሳይገዛ የራሱን የጦርነት ዘመን ኒሻን ወስዶ ስዋስቲካውን በሞረድ ፍቆታል። ገበያው «የተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። ይሁንና ያ የሞረድ ጭረት ባለቤቱ ራሱ የወሰነውን ውሳኔ የያዘ ነው። ይህን የሚናቀውን ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገዛ ሰው የሚጎዳ አይመስልም፤ እርግጥ ፍቁ የቆየ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፤ ሞረድ ዛሬም ይሸጣልና።

ሕግ ያለበት ገበያ

ሌላው ሒሳብ ውስጥ መግባት ያለበት ሕጉ ነው። በጀርመን የወንጀል ሕግ ቁጥር 86ሀ መሠረት ስዋስቲካን በአደባባይ ማሳየት እስከ 3 ዓመት እሥራት ወይም መቀጮ ያስከትላል፤ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለኪነ ጥበብ የሚውለው ግን በልዩ ሁኔታ ይታያል። ስለዚህ የአገሪቱ ጨረታ ቤቶች በካታሎጋቸው ላይ ምልክቱን ሸፍነው ያትማሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የፈረንሳይ ፍርድ ቤት በያሁ ላይ የሰጠው ውሳኔና እ.ኤ.አ. በ2001 ኢቤይ ያወጣው ክልከላ የናዚ ምልክት ያለበትን ዕቃ ከትልልቆቹ የኢንተርኔት ገበያዎች ወደ ጓዳ ገፍተውታል። ጓዳ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ደግሞ ለአጭበርባሪ ይመቻል፤ ገዢው ቢታለል የሚከስስበት አደባባይ ያጥረዋል።

የ1957ቱ ግን በትውልድ አገሩ በአደባባይ ይሸጣል፣ ይታያል፣ በፖስታ ይላካል። ነጋዴ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሸጦ መውጣት የሚቻልበት ሸቀጥና ደብቆ መያዝ ብቻ የሚቻልበት ሸቀጥ እኩል ቢመዝኑ እንኳ እኩል ዋጋ የላቸውም። ለመልበስ ግን ማንም አያስብ፤ ሳይገባው ኒሻን የሚያደርግ ሰው በጀርመን ሕግ ይጠየቃል።

«የናዚ ጦር ኒሻን መሰብሰብ ራሱ ነውር ነው» የሚሉ አሉ። የሚሉት መሠረት የሌለው አይደለም። ምልክቱ ስለተነሣ ብቻ ጦርነቱ ንጹሕ አይሆንም፤ ያ ጦር ያደረሰው እልቂትም በሦስት ቅጠል አይሸፈንም። ነገር ግን የ1957ቱ ዕቃ የሚናገረው ስለ ጦርነቱ ክብር አይደለም። ስለ ተሸነፈች አገር ጭንቀት ነው የሚናገረው። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይነሣ፣ ከሞተው ሥርዓት ሥር ያገለገለው ሰው ምኑ ይታወስ የሚለውን ጥያቄ ጀርመኖች በሕግ አንቀጽና በብረት ቅርጽ መልሰውታል። መልሱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የብረት መስቀልን ለዘመኑ ጦር መልሶ ለማቋቋም አቤቱታ ሲቀርብ ክርክሩ እንደገና ተነሥቶ፣ በመጨረሻ በስሙና በመልኩ የተለየ አዲስ የጀግንነት መስቀል እ.ኤ.አ. በ2008 መቋቋሙ ይህንኑ ያሳያል። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ኒሻን ወደ ሣጥን፣ ሥዕል ከግድግዳ የሚወርድበት አገር ሰው ይህን ጥያቄ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ገዢው በሻጭ ፊት ሲቆም መጠየቅ ያለበት «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብሎ አይደለም። ለዚያ ጥያቄ ሁሉም ሻጭ አንድ መልስ አለው። መጠየቅ ያለበት «መቼ ተሠራ? ማን ሠራው? ማን ለበሰው? በምን ይታወቃል?» ብሎ ነው። ለአራቱም ጥያቄ መልስ ያለው የ1957 ኒሻን፣ ለአንዱም መልስ ከሌለው «የ1939» ኒሻን ይበልጣል። ዋጋው ዛሬ ከዚያ በታች ከሆነ ጉድለቱ የዕቃው አይደለም፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አንብቦ ኪሱን የሚከፍተው ገዢ ነው። ጠገራ ብርን በሚዛንና በድምፅ እንጂ በተጻፈበት ዓመት ያልተቀበለ ገበያ ልጆች ደግሞ በዚህ ሊታለሉ አይገባም።